ሃያ ኪቦርድ፣ አንድ ጣሳ

«ቁጠሪያቸው» አለ አባቷ ጃፋር የከረሜላ ጣሳውን የመስታወት ባንኮኒው ላይ እየገለበጠ፤ «አንዲትም አልጎደለች።»

ሰልሰቢል አልቆጠረችም። ከጣሳው የተዘረገፉትን ጥቃቅን ጥቁር የኪቦርድ ሪሲቨሮች ትክ ብላ አየቻቸው። እያንዳንዷ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። አንዷን ከሌላዋ የሚለይ ጭረት እንኳ የለም።

«አባዬ፣ ከየካርቶናቸው ያወጣሃቸው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ነዋ፤ ዕቃው የገባ ቀን።»

«ለምን?»

ጃፋርን ጥያቄው አስገረመው። የነጋዴ ልጅ ሆና ይሄ ይጠፋታል ብሎ አልጠበቀም።

ጃፋር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። መርካቶ ውስጥ ጫማ የሚሸጥ ሰው ደግሞ መደርደሪያ ላይ የሚያወጣው አንዱን እግር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ሌባ አንድ እግር ጫማ ሰርቆ የት ይደርሳል? እናም ማክሰኞ ዕለት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ገመድ አልባዎቹ ኪቦርድና ማውሶች ሲገቡለት ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈተና የዚህ ዕቃ ሁለተኛ እግሩ የቱ ነው ብሎ መረመረ። አገኘውም። ላፕቶፕ ላይ የምትሰካዋ ይህች ፍንጣሪ ከሌለች ኪቦርዱ ጣውላ ነው፣ ማውሱም ጠጠር። ሃያዎቹንም ለቃቅሞ ጣሳ ውስጥ ከተታቸው። እስከ ዛሬም በሰላም አደሩ።

ሰልሰቢል የቻለችውን ያህል ረጋ ብላ አስረዳችው። እያንዳንዷ ሪሲቨር የምታውቀው የገዛ ኪቦርዷንና የገዛ ማውሷን ብቻ ነው፤ ገና ፋብሪካ ሳሉ ነው የተጋቡት። ለሌላ ኪቦርድ ብትሰጣት ዞር ብላም አታየው።

«ሁሉም አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ቀለም አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ግን አይገጥሙም። ሃያ ጥንድ ጫማ ቀኝና ግራውን ደባልቀህ እንደ ማለት ነው።»

«ጫማ ቁጥር አለው። የዚህ ቁጥሩ የታለ?»

«የለውም አባዬ። ችግሩ እኮ እሱ ነው።»

ጃፋር ጢሙን አሻሸ። «በይ ሞክሪያቸዋ ታዲያ፤ ኮምፒውተር የተማርሽው አንቺ» አለ፤ ጥፋቱ ከትምህርቱ የመጣ ይመስል።

እርር ያደረጋት ደግሞ ኪቦርዶቹ የመጡት በእሷ ንዝነዛ መሆኑ ነው። ጫማ ብቻ እስከ መቼ እያለች ሦስት ወር ስትጨቀጭቀው ከርማ፣ በመጨረሻ ታክቶት ሃያ አመጣ። ውላቸው ግልጽ ነው። ሃያዎቹን አንድ ቢሮ ከወሰዳቸው የላይኛው መደርደሪያ የኮምፒውተር ዕቃ ይሆናል፣ ምን እንደሚቀመጥበት የምትመርጠውም እሷ ናት። ካልወሰዳቸው ጫማው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሁለተኛም ወሬው አይነሳም። ሰልሰቢል የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ሴል ሲያስረዳ እንኳ በሐሳቧ ያንን መደርደሪያ ስታሰናዳ ነው የምትውለው፤ እዚህ ማውስ፣ እዚያ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ የጠረጴዛ መብራት።

ገዢም አልጠፋም። ተክለ ሃይማኖት ጋ ያለ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር የቢሮውን ኪቦርዶች ሊቀይር ነው። ጸሐፊዋ እትዬ የሻሽወርቅ ዕቃውን በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ፈትነው ሊወስኑ ዛሬ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። አንዷን ሪሲቨር አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች። ኪቦርድ ታነሳለች፣ ባትሪ ድንጋይ ትከትበታለች፣ አንዱን ፊደል ትጫናለች። ዝም። ባትሪውን ታወጣና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሱቁ ውስጥ የተገኘው ባትሪ አራት ብቻ ነው፤ ከአራቱም ሁለቱ ለማውስ የሚሆኑ ቀጫጭኖች ናቸው። የመጀመሪያዋ ሪሲቨር ባለቤቷን ያገኘችው አሥራ አራተኛው ኪቦርድ ላይ ነው። ማውሱን ለመሞከር ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው ሽኩር ቀደማት።

«ማውሱ ግን ሞቷል» አለ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ። ሽኩር የአጎቷ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ይሠራል፣ የማያውቀው ነገር ግን ኖሮ አያውቅም።

ማውሱ እንዳልሞተ፣ መስታወት ላይ ማውስ እንደማይሄድ ነገረችውና ደብተሯን ከሥሩ አነጠፈችለት። ማውሱ ሄደ። ሁለተኛው ጥንድ ሲገኝ ደግሞ አባቷ ሌላውን ማውስ እዚያው መስታወት ላይ ሲያንሸራትት ቆየና ይሄኛውስ የእውነት ሞቷል አለ። ሰልሰቢል ደብተሯን አነሳች፣ ከማውሱ ሥር አስገባች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከጎን ቀበቶ የሚሸጠው ጋሼ ጠይብ ደግሞ ግርግሩን አይቶ መጣ። አንዷን ሪሲቨር አንስቶ እንደ ሽምብራ እፍ አለባት፤ ከዚያ ዕቃው በመርከብ ስለመጣ እርጥበት ሳይገባው እንዳልቀረ፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ እንደሚሻለው መከረ። ምክሩን ሰጥቶ ሲሄድ ሪሲቨሯን በእጁ እንደያዛት ሄደ። ሰልሰቢል ኮሪደሩን ሙሉ ተከትላ አስመለሰችው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰባት ተገጣጥመዋል። ሰባቱን ከነማውሳቸው ሞክራ፣ ሪሲቨራቸውን ከየካርቶናቸው ከትታ ለብቻ ደረደረቻቸው። በሁለት ወፍራም ባትሪ ግን ይሄ ሥራ እስከ ሰኞም አያልቅ። አሥራ ሦስቱን ኪቦርዶች በአንዴ ባትሪ ብታጎርሳቸው ኖሮ በአንድ ሪሲቨር ሁሉንም ተራ በተራ መንካት ብቻ ነበር። ማንም ምንም እንዳይነካ ለአባቷና ለሽኩር ነግራ፣ ባትሪ ልትገዛ ወደ ታች ወረደች። ሁለት ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ግን አንድ ወዛደር ከራሱ የሚበልጥ የፍራሽ ጥቅልል ተሸክሞ እየወጣ ነበርና፣ ወራጁም ወጪውም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እሱን ጠበቀ።

ስትመለስ ባንኮኒው ጸድቷል። ሃያዎቹም ካርቶኖች በፕላስተር ታሽገው እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ጣሳው ባዶ ነው።

«ጨረስንልሽ» አለ ሽኩር እጁን እያራገፈ።

«እንዴት አድርጋችሁ ነው የጨረሳችሁት?»

«ለአሥራ ሦስቱ አንድ አንድ አደልናቸው። አንቺ የገጠምሻቸው ሰባቱ ከላይ ናቸው። ሴትየዋ ከሥር አይቆፍሩም። አታካብጂው አቦ።»

ወደ አባቷ ዞረች። ጃፋር ዓይኗን አልሸሸም፤ የሠራው ነገር ክፉ አይመስለውምና። ጫማ የጠበበው ሰው ይመልስ የለም እንዴ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ ያለውን ሁሉ ቀይሮ ሰጥቷል፤ አንድም ሰው ከደጁ አዝኖ አልሄደም። ተክለ ሃይማኖት እዚህ ነው። ያልሠራላቸው ይመጣሉ፣ ይቀየርላቸዋል። ዋናው ዛሬ ዕቃው መውጣቱ ነው።

«አባዬ፣ ጫማ እኮ ሲጠብም ጫማ ነው። ይሄ…»

አልጨረሰችውም። እትዬ የሻሽወርቅ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቅ ብለው የሱቆቹን ቁጥር እያነበቡ ይመጣሉ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው።

አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሻይ ይምጣልዎት ቢባሉ አልፈለጉም። ሽኩር ከላይኛው ረድፍ አንዱን ካርቶን አውርዶ፣ ባትሪ ከትቶ፣ ሪሲቨሩን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ሲሰጣቸው ቀለበታቸውን አወለቁ፣ ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተከሉ፣ ጣቶቻቸው ብቻቸውን ሮጡ። ስክሪኑ ላይ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ከነቁጥሩ ከነቀኑ ወጣ። ከዚያ ኪቦርዱን ገልብጠው አራገፉት። ፊደሎቹን በጥፍራቸው ቧጠጡ። ማውሱን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ጠቅ ጠቅ አደረጉ፤ ሥራ አስኪያጃቸው የማውስ ድምፅ ራሱን ያመዋል። ሽኩርን ደግሞ ኪቦርዱን አሸክመው ከጋሼ ጠይብ ሱቅ ማዶ ላኩትና ከዚያ ሆኖ እንዲጫን አዘዙት፤ የስብሰባ አዳራሻቸው ረጅም ነው። በየመሐሉ ትንሽ ማስታወሻቸው ላይ ይጽፋሉ።

«ባለፈው የቢሮውን ወንበር የመረጥኩት እኔ ነበርኩ» አሉ እየጻፉ። «እስከ ዛሬ አንዱ ሲሰበር ‹የየሻሽወርቅ ወንበር› ነው የሚሉት። የወደቀው ሰው ራሱ ተነስቶ ስሜን ይጠራል። ኪቦርዱንም በስሜ እንዲጠሩልኝ አልሻም።»

ጃፋር ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማስታወሻውን ዘጉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ጥሩ ነው። ሌሎቹም እንዲህ ናቸው?»

«ልጄ ናት የሞከረቻቸው» አለ ጃፋር። «የኮምፒውተሩን ነገር የምታውቀው እሷ ናት።»

ሰልሰቢል አባቷ በሰው ፊት እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቤት እስክትገባ ፈገግ ባለች።

እትዬ የሻሽወርቅ ዞረው አዩዋት። «ሁሉንም ሞከርሻቸው የኔ ልጅ?»

ሽኩር በባንኮኒው ሥር እግሯን ረገጥ አደረጋት። አባቷ አንዱን ካርቶን ከሌላው ጋር ያስተካክላል፤ ካርቶኑ ግን ድሮም የተስተካከለ ነበር። አዎ ማለት ቀላል ነው። አዎ ካለች መደርደሪያው የእሷ ነው፤ ማውሱ፣ ማዳመጫው፣ ጥግ ላይ ያለችው መብራት። አባቷም ቃሉን ያከብራል፣ አልሠራም ብለው ቢመጡ ይቀይርላቸዋል። ግን በምን ይቀይረዋል? የሚገጥመው ሪሲቨር እዚያው ቢሮ ተደበላልቆ የሚሄደው ነው። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሦስት ሰዎች በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው የማይመልስ ፊደል ሲጫኑ ታዩዋት፤ ከዚያ አንደኛው ቀና ብሎ የእኚህን ሴት ስም ሲጠራ።

«ሰባቱን ብቻ» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ከላይ ያሉትን ሰባቱን። የአሥራ ሦስቱ ሪሲቨር ተደባልቋል። አብዛኞቹ አይሠሩም።»

እትዬ የሻሽወርቅ ከሥር አንድ ካርቶን አውጥታ እንድታሳያቸው ጠየቋት። አወጣች፣ ባትሪ ከተተች፣ ሰካች። እሳቸው ራሳቸው ተጫኑት። ስክሪኑ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ማስታወሻቸውን መልሰው ከፈቱና አንድ መስመር ጻፉ።

«ጋሼ ጃፋር፣ ሌላ የማያቸው ሁለት ሱቆች አሉ» አሉ ሲነሱ። «ሰኞ አራት ሰዓት በዚህ አልፋለሁ። ያኔ ሃያውም ከሠራ አብሬ አወዳድረዋለሁ። ካልሆነም ይቅናችሁ።» ቀለበታቸውን አጠለቁና ሄዱ። ሰልሰቢልን አላመሰገኗትም፤ ሲያልፉ ግን ትከሻዋን በማስታወሻቸው ነካ አደረጓት።

ጃፋር ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አልተቆጣም። ወደ ኮሪደሩ ወጣና ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ ቆመ።

«በቃ፣ መደርደሪያሽን በገዛ አፍሽ በላሽው» አለ ሽኩር። ክፋት አልነበረበትም፤ ያዘነላት ይመስል ነበር። ሰልሰቢል ካርቶኖቹን እየጎተተች ፕላስተሩን መላጥ ጀመረች። ሰኞ እትዬ የሻሽወርቅ ባይመጡም ማክሰኞ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ለእሱም ቢሆን የማይገጥም ነገር አይሸጥለትም። አሥራ ሦስቱን ሪሲቨሮች መልሳ አወጣች። በገዛችው ባትሪ ኪቦርዶቹን ሁሉ አጎረሰችና ወለሉ ላይ በሁለት ረድፍ አስተኛቻቸው። አንዷን ሪሲቨር ሰካች፤ ተንበርክካ አንድ በአንድ ተጫነች። አምስተኛው ላይ አንድ ፊደል ስክሪኑ ላይ ወጣ። ስምንት ሆኑ።

ዘጠነኛዋን ስትሰካ አባቷ ገባ። ደንበኛ ጫማ የሚሞክርበት አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ከወለሉ አንዱን ኪቦርድ አነሳና ጭኑ ላይ አደረገ። እሷን ሳያይ፣ ልክ እንደ በር መጥሪያ፣ በአንድ ጣቱ ጫን አደረገው።

«ይሄስ?»

«አይደለም።»

አስቀመጠውና ሌላ አነሳ። «ይሄስ?»

«እሱም አይደለም።»

ሁለቱን ሳይጠይቅ በራሱ ሞከረ። ሦስተኛውን አነሳ። «ይሄስ?»

ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ሦስት ጊዜ ተደርድሮ ወጣ፤ ጣቱን ማንሳት ረስቶ ነበር።

«እሱ ነው።»

ጃፋር ኪቦርዱን ገልብጦ ምልክት ፈለገበት። ጎኑን አየው፣ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ አየው። ምንም የለም። «ለካ እውነትም ይተዋወቃሉ» አለ ለራሱ ይመስል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ነግሬህ አልነበር?» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያከማቸችው ንዴት ሁሉ እዚያች ሁለት ቃል ውስጥ ተጠቅጥቆ ነበር። ሰልሰቢል ዋጠችውና የሚቀጥለውን ሪሲቨር ሰካች።