ጊፍቲ ለወንድሟ የተፈተነችው ፈተና

ጊፍቲ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው አምቦ፣ ከሁሉቃ ድልድይ ወረድ ብሎ ነው። አባቷ ኦቦ ቶኩማ ከአምቦ ጌዶ ሚኒባስ ይነዳሉ። እናቷ አዴ ዱረቲ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናቸው። እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ መገፋፋቱን ተዉና ስሙኝ፤ ገና መጀመሬ ነው።

ጊፍቲ ጎበዝ ተማሪ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እየወጣች ነው የመጣችው። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ስለ እሷ ሳወራ ደረቴን ነፍቼ ነው። የኮራሁባት ግን አንደኛ ስለወጣች አይደለም። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ጊፍቲ ኢብሳ የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። ስድስት ዓመቱ ነው። ሐሮ ወንጪ ከአያቶቹ ጋር ቆይቶ ነው ወደ አምቦ የመጣው። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ግን ፊቱ በሙሉ ይስቃል። ሲጠሩት ቶሎ አይመጣም። ቤት ውስጥ ሁሉም «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይላሉ። ጊፍቲ ግን ታውቅበታለች። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ እጇን እያወዛወዘች ስትነግረው ሁሉም ነገር ይገባዋል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። እሷም ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ።

መስከረም ላይ ኢብሳ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ ሆነ። እዚያ የምታስተምረው ጓደኛዬ ቲቸር ፍቅርተ ናት። ቲቸር ፍቅርተ አዲስ የሚገባውን ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ ታየዋለች። እናንተ ፈተና ትሉታላችሁ፤ ወረቀትና እርሳስ ግን የለውም። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ታፈስና «አምስት ስጠኝ» ትላለች። ቀለም ታስለያለች። በአንድ እግር ታስቆማለች። ሥዕል አሳይታ «እነዚህ ሰዎች ምን እያደረጉ ነው?» ትላለች። ኦሮምኛ የሚቀናውን በኦሮምኛ፣ አማርኛ የሚቀናውን በአማርኛ። ከዚያ ይሄ ልጅ ዜሮ ክፍል ይግባ፣ ያኛው ከትንንሾቹ ጋር ይጀምር ብላ ትወስናለች። ወላጆችንም «እባካችሁ አታስጠኗቸው፤ እንዳሉ አምጡልኝ» ብላ ትለምናለች። ማን ሰምቷት። መስከረም ሲጠባ የሰፈራችን ወላጅ ሥራው ልጁን ቆርኪ ማስቆጠር ነው።

በኦቦ ቶኩማ ጊዜ ፈተናው ሌላ ነበር። ቀኝ እጅን በራስ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮን መንካት። ከነካህ ለትምህርት ደርሰሃል፤ ካልነካህ ለከርሞ ና። አይ እናንተ፣ ሁላችሁም ሞከራችሁ አይደል? በሉ እጃችሁን አውርዱ። ኦቦ ቶኩማም ኢብሳን ደጃፍ ላይ አቁመው አስሞከሩት። ነካ። «አለቀ፤ ልጄ ደርሷል» ብለው እየሳቁ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ኢብሳ ጆሮውን መንካቱን ሁሉም አየ። ጆሮው ይስማ አይስማ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጊፍቲ ግን ጨንቋታል። ኢብሳን ስታስቆጥረው ፊቷን ካላየ ይጠፋበታል። «ሦስት» ስትለው ዝም ብሎ ያያታል። ከትንንሾቹ ጋር ቢገባስ? «የጎበዟ የጊፍቲ ወንድም ከአራት ዓመት ልጆች ጋር ተቀመጠ» ቢባልስ? የሰፈሩን ልጆች ሳቅ ከአሁኑ ሰማችው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አወጣች። ለቁጥር ጣቷን ታሳየዋለች። ለቀይ ሹራቧን፣ ለአረንጓዴ ቀሚሷን ትነካለች። «በአንድ እግር ቁም» ሲባል እግሯን ታነሳለች። ኢብሳ ጨዋታ መስሎት ደስ አለው። ሳምንቱን ሙሉ ሲጫወቱት ሰነበቱ።

የፈተናው ቀን እናታቸው ሥራ ስለነበራቸው ያመጣችው ጊፍቲ ናት። ቲቸር ፍቅርተ ውጪ እንድትጠብቅ ነገረቻት። ጊፍቲ ደግሞ «ካላየኝ ያለቅሳል» አለች። ኢብሳ አልቃሻ አይደለም። አያችሁ፣ የመጀመሪያው ውሸት እዚህ ጋ ነው የገባው። ቲቸርም እሺ አለቻት። ጊፍቲ ከቲቸር ወንበር ኋላ፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች።

ቲቸር አምስት ቆርኪ ጠየቀች፤ ከኋላ አምስት ጣት ተዘረጋ፤ ኢብሳ አምስት ቆርኪ ሰጠ። ቀይ ተባለ፤ ሹራብ ተነካ፤ ኢብሳ ቀዩን አነሳ። ሥዕል ላይ ሰዎች ሲበሉ፣ ጊፍቲ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። አንድም አልሳተም። ቲቸር ፍቅርተ «ይሄ ልጅ እኔን ምንም አይፈልግም» ብላ ዜሮ ክፍል አስገባችው። ከልጆቹ ሁሉ ጎበዝ ነው ብላም ኋላ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ፊት ያለው ቦታ እርዳታ ለሚፈልጉ ልጆች ነው።

ጊፍቲ ወደ ቤት ስትሄድ እየዘለለች ነበር። ኦቦ ቶኩማም ያን ዕለት ተሳፋሪውን ሁሉ እስከ ጌዶ ስለ ልጃቸው ሲያጫውቱ ዋሉ።

ደስታው ግን ጥቂት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ዜሮ ክፍል ውስጥ ተድላ የሚባል ረዳት መምህር አለ። ወጣት ነው፤ ልጆች ይወዳል፤ ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው። ተድላ «ደብተራችሁን ዝጉ» ሲል ኢብሳ ይጽፋል። «ወደ ክፍል ግቡ» ሲል ሁሉም ይሮጣል፤ ኢብሳ ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ አፈር ላይ ይሥላል። ተድላ ቲቸርን ቢጠይቃት፣ ይሄ ልጅ በፈተናው ሁሉንም በትክክል ሠርቷል አለችው። እንግዲያው ተድላ ምን ያስብ? «እየቻለ ነው እንቢ የሚለው» አለ። ኢብሳን ግድግዳ አጠገብ ያቆመው ጀመር። በመጨረሻም ካልታረመ በእሁዱ የልጆች ቀን ከክፍሉ ጋር ቆሞ እንደማይዘምር ተናገረ።

ዐርብ ዕለት ጊፍቲ ከትምህርት ቤቷ ወጥታ ልትወስደው መጣች። ልጆቹ ግቢው መሃል መዝሙር ይለማመዳሉ። ኢብሳ የለም። ስትፈልገው ግድግዳው ጋ፣ ፊቱን አዙሮ ብቻውን ቆሟል። ትከሻውን ስትነካው ደነገጠ። ከዚያ አያትና ጠየቃት።

«ጊፍቲ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ጊፍቲ እጁን ይዛ ወጣች። ያጠፋው እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን ብትናገርስ? ኢብሳ ወደ ትንንሾቹ ይሄዳል። እሷም ውሸታም ልትባል ነው። አባቷ ምን ይላሉ? ሰንበት ትምህርት ቤት እኔ ፊት እንዴት ትቀመጣለች? ልጆቼ፣ ዘጠኝ ዓመት ለሆናት ልጅ ይህ ትልቅ ሸክም ነው። ትንሽ ነገር ነው እንዳትሉኝ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆመች። ኢብሳን ወደ ኋላ አዞረችውና እየሮጡ ተመለሱ። የሮጠችው ሐሳቧ ሳይቀየር ለመድረስ ነው።

ቲቸር ፍቅርተ በር ልትቆልፍ ስትል ደረሱ። ተድላም ወንበር እየደረደረ ነበር።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ከኋላሽ ሆኜ በእጄ ስነግረው ነበር» አለች ጊፍቲ። «ቁጥሩንም፣ ቀለሙንም፣ ሁሉንም።»

ቲቸር ፍቅርተ ቁልፉን እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ እኔ የፈተንኩት ማንን ነው?»

«እኔን» አለች ጊፍቲ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ቲቸር አልጮኸችባትም። ከጎኗ አስቀመጠቻት። «እኔ ልጆችን የማያቸው ጎበዙን መርጬ ሌላውን ላባርር አይደለም» አለቻት። «ሐኪም ሆዳችሁን ጫን ጫን እያደረገ የት ጋ ነው የሚያማችሁ ይል የለ? እንደዚያ ነው። አንቺ ኢብሳ የት ጋ እንደሚያመው ደበቅሽብኝ።» ጊፍቲ ይህን ስትሰማ የባሰ አለቀሰች። ደግ ሰው ሲናገር እንደዚያ ነው፤ ከዱላ ይበልጣል።

ከዚያ ጊፍቲ ወደ ውጪ ወጣች፤ በሩም ተዘጋ። ቲቸር ፍቅርተ ቆርኪዎቹን አፍስሳ እንደገና ጀመረች። ፊቱን እያየች ስትጠይቀው ኢብሳ አንዳንዱን መለሰ። አፏን በመጽሐፍ ሸፍና ስትጠይቀው ምንም አልመለሰም። ቋንቋው ይሆን ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችው፤ ያው ነው። ቀስ ብላ ከኋላው ሄደችና ጠራችው። «ኢብሳ፣ ኮቱ።» ና ማለቷ ነው። ኢብሳ ቆርኪውን መደርደሩን ቀጠለ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች። አልዞረም። በእጇ ስታጨበጭብ ብቻ ቀና አለ።

ተድላ ወንበር እንደያዘ ይህን ሁሉ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። መጥቶ ኢብሳ ፊት ተንበረከከ፤ አፉን እንዲያይለት ቀስ ብሎ «ይቅርታ አድርግልኝ፤ አጥፍቼብሃለሁ» አለው። ትልቅ ሰው ትንሽ ልጅን ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተድላ አደረገው፤ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣም አከብረዋለሁ። ኢብሳ ለምን ይቅርታ እንደተጠየቀ አልገባ ብሎት አንድ ቆርኪ ሰጠው።

ያን ምሽት ቲቸር ፍቅርተ ቤታቸው ሄዳ ለወላጆቹ ሁሉንም ነገረች። አዴ ዱረቲ፣ ኢብሳ ወንጪ እያለ ክረምት ላይ ጆሮውን በጣም አሞት እንደነበር አስታወሱ። ድኗል ብለው ነበር። ኦቦ ቶኩማ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ስንት ጊዜ «አትሰማም ወይ» ብለው እንደተቆጡት እያሰቡ ነበር። ጊፍቲ የእሷ ተራ እስኪደርስ በፍርሃት ጥግ ላይ ቆማለች። በመጨረሻ አባቷ ጠሯት።

«አጥፍተሻል፣ ልጄ» አሏት። «ግን ማንም ሳይይዝሽ ራስሽ ተመልሰሽ ተናገርሽ። አንደኛ ስትወጪ እንኳን እንደዚህ ኮርቼ አላውቅም።»

እኔም እንደዚያው ነኝ። ይኸው፣ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ ያልኳችሁ ይህ ነው።

ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ በሁለቱም ጆሮው ውስጥ፣ ከታምቡሩ ጀርባ፣ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አገኘ። ቶሎ ባይመጣ ኖሮ ሳይድን ሊቀር ይችል ነበር አላቸው። ሕክምናው ወራት ፈጀ፤ ምልልሱም ብዙ ነበር። ቀስ በቀስ ኢብሳ መስማት ጀመረ። ግራው ዛሬም ትንሽ ይደክማል፤ ስለዚህ በቀኙ በኩል ሆናችሁ አናግሩት። ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ በዚያው እሁድ የልጆች ቀንም ዘምሯል፤ ከዜማው ቢወጣም ከሁሉም በላይ የተሰማው የእሱ ድምፅ ነው።

ጊፍቲ የፈራችው ነገር ግን አልቀረላትም። ኢብሳ ያመለጠው ብዙ ስለነበር ከትንንሾቹ ጋር እንዲጀምር ሆነ፤ ከፊት ወንበር ላይ። የሰፈር ልጆችም ሳቁ። እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ጊፍቲ በየጠዋቱ እጁን ይዛ እስከ ትንንሾቹ ክፍል በር አደረሰችው፤ አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ቲቸር ፍቅርተ ልጆቹን እንደገና አንድ በአንድ አየቻቸው። ጊፍቲ ትገቢያለሽ ወይ ስትባል አይሆንም ብላ ግቢው በር ላይ ጠበቀች። የሚሳሳቁት ልጆችም እዚያው ነበሩ። ኢብሳ እየሮጠ ወጣ።

«አሥር ቆርኪ ቆጠርኩ» አላት። «ከዚያ አሥራ ሰባት ስትለኝ ጠፋኝ። አላውቅም አልኳት።»

«እሷስ ምን አለችህ?»

«ጎበዝ አለችኝ። ነገ ታስተምረኛለች።»

ጊፍቲ አቅፋ አነሳችው፤ ከብዷት ልትወድቅ ነበር። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆሙት ልጆች ዞረችና ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

«ይሄ ወንድሜ ነው» አለች። «ራሱ ነው የተፈተነው።»

ልጆቼ፣ የምንወደውን ሰው በእውነት የምንረዳው ድካሙን ስንደብቅለት ሳይሆን እውነቱን ስንናገር ነው።