አንገቱ ያልተቀደደ ጀለቢያ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ይሄን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እሷማ ድሮም ትንሽ ነካ ያደርጋታል» እንዳትሉኝ ነው። ሶላቴን እሰግዳለሁ፣ ጾሜን እጾማለሁ፣ ከዚያ በተረፈ ግን ሕልም ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አለፈብኝ የሚል ሰው ሲያወራኝ ሳላስበው ፊቴ ላይ የምትመጣ ፈገግታ አለች፣ እናቴ አላህ ይዘንላትና በዚያች ፈገግታዬ ስንቴ ቆንጥጣኛለች መሰላችሁ። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ያችኑ ፈገግታ ነበር የማሳየው፣ ስለዚህ ብትስቁ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በልጅነቱ ከወሎ ከአባቱ ጋር መጥቶ፣ ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብላ በነበረች አንዲት የቀበሌ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ አያቴ ሰፋባት፣ ከዚያ እሱ ሰፋባት፣ እኔ ደግሞ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ አደግሁባት። የውቤ በረሃ ጎረምሳ ሁሉ ሱሪውን ያጠበበው በአባቴ እጅ ነው፣ ዛሬ ሸምግለው ሲያገኙት «እንድሪስ፣ ያን ጊዜ ያጠበብክብኝ ሱሪ እስካሁን አልወለቀም» እያሉ ይቀልዱበታል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ልብስ መሀል ባለቤት የሌለው አንድ ልብስ ነበር፣ ነጭ ጀለቢያ፣ እጅጌው የተገጠመ፣ ጫፉ የተዘመዘመ፣ አንገቱ ብቻ ያልተቀደደ፣ ማንጠልጠያ ላይ ታጥፎ ከመኪናው በላይ ይሰቀላል። ደንበኛ «ይሄስ የማነው?» ሲለው አባቴ ቀና ሳይል «የመህዲ ነው» ይላል።

መህዲ ማለት በመጨረሻው ዘመን ይመጣል፣ በግፍ የሞላችውን ምድር በፍትሕ ይሞላታል ብለን የምንጠብቀው ሰው ነው። ስሙ የነቢያችን ስም፣ የአባቱም ስም የነቢያችን አባት ስም ይሆናል ይባላል። ጀለቢያው ግን ኪታብ ላይ የለም፣ አባቴም ይሄን ያውቃል፣ የአያቴ የራሱ ወግ ነው። ሰውዬው በዚህ በኩል ሲያልፍ የሚለብሰው ቢያጣስ፣ እኛ እያለን እንዴት ተቀዶበት ይሂድ ብሎ ጀመረው፣ አንገቱን ግን ልኩን ስለማናውቅ ሲመጣ ለክተን እንቀዳለን አለ። በየዓመቱ ለዒድ አባቴ የዓምናውን አንገት ቀዶ ለአንድ ችግረኛ ያለብሳል፣ በማግስቱ አዲስ ይጀምራል። ከፊት ለፊታችን ሰዓት የሚጠግኑት ጋሽ ታምሩ ጴንጤ ናቸው፣ በሰዓትና በሰዓት መሀል መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ፣ እና ዕድሜ ልካቸውን ከአባቴ ጋር «የእናንተ ይቀድማል ወይስ የእኛ?» እየተባባሉ ኖረዋል። አባቴ «አብረው ነው የሚመጡት፣ ኢሳም፣ የእናንተው ኢየሱስ፣ ከእሱ ኋላ ቆሞ ይሰግዳል» ሲላቸው፣ ጋሽ ታምሩ «እሱን ሲመጡ እንጠይቃቸዋለን» ብለው ወደ ሰዓታቸው ይመለሳሉ። እንዲህ የሚዋደዱ ሽማግሌዎች ፒያሳ ውስጥ አልነበሩም።

ከዚያ ፒያሳ መፍረስ ጀመረ፣ ይሄን አይታችሁታል፣ እኔ አልተርክም። ለእኛም ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጠን፣ ግድግዳችን ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ፣ ከጋሽ ታምሩ በቀር ጎረቤት አንድ በአንድ ወጣ፣ መብራቱም ውሃውም ተቆረጠ። አባቴ ግን አልወጣም አለ። ልቡ ደካማ ነው፣ ሐኪም አቧራውን እንዲርቅ ነግሮታል፣ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት፣ መልሱ አንድ ነው፣ «ለአባቴ እዚህ እጠብቃለሁ ብያለሁ። ቢመጣና ቢያጣንስ?» በቃ። ነገ ጠዋት ዶዘሩ እኛ ረድፍ ላይ ይገባል ተባለ፣ እሱ ደግሞ ያቺን መኪናውን ታቅፎ ሱቁ ውስጥ ሊያድር ነው፣ እመኑኝ፣ ያደርገዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነን፣ ሌላ ሰው የለኝም።

ስለዚህ የዚያን ቀን አባቴ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት መስጊድ እንደሄደ አንድ ነገር ለማድረግ ቆረጥኩ። የማፍርበት ነገር ስለሆነ በቀጥታ ልንገራችሁ፣ ልዋሸው ነበር። ጀለቢያውን አውርጄ፣ አንገቱን ቀድጄ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ልከተውና ሲመለስ «አባባ፣ መጣ፣ ለብሶት ሄደ» ልለው። ስልሳ ዓመት ያመነበትን ነገር ለዕቃ ማውጫ ልጠቀምበት ማለቴ ነው፣ ግን በሕይወት ይኑርልኝ እንጂ ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ አልኩ። ጀለቢያውን ጭኔ ላይ አድርጌ መቀስ ብፈልግ ብፈልግ የለም፣ ዕቃው ሁሉ ተጠቅልሏል።

ይሄኔ ውጪ ሲያጓራ የዋለው ዶዘር ቀጥ አለ። አንዱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መዶሻውም፣ መኪናውም፣ የሠራተኛው ጩኸትም፣ ፒያሳ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጸጥታ ከተወለድኩ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጎኔ «ጣ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ብል የስፌት መኪናው ጎማ በዝግታ እየዞረ ነው፣ ፔዳሉ ላይ ማንም የለም፣ መርፌው አንዴ ወረደ፣ ወጣ፣ ቆመ። መሬቱ ስለተንቀጠቀጠ ነው አልኩ፣ አስተማሪ ነኛ። መሬቱን የሚያንቀጠቅጠው ዶዘር ግን ቆሟል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ወደ አርባ የሚጠጋ ቀጭን ሰው ነው፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ከራሱ እስከ እግሩ አቧራ፣ ግራጫ ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተቀዷል። ከአፍራሽ ሠራተኞቹ ጋር ነበር፣ ብረት ይዞት ነው የቀደደው፣ መርፌና ክር እንዳውሰው ጠየቀኝ። አነጋገሩ የአባቴ ነው፣ የወሎ። ግባ አልኩት፣ ገብቶ አባቴ ለአያቴ ክብር ብሎ ማንንም የማያስቀምጥባት ዱካ ላይ ቁጭ አለ፣ እኔም ተነስ ማለት አቃተኝ። የዛሬው ቀን የመጨረሻ ሥራው እንደሆነ፣ ነገ መንገደኛ መሆኑን ነገረኝ። ወዴት ነው ስለው በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ፣ በእግር፣ ከዚያ በጀልባ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለቴም ይዘው መልሰውታል። እንግዲህ እኔ አስተማሪነቴ መጣብኝ፣ ባሕሩን፣ በረሃውን፣ ደላላውን ዘርዝሬ ስገስጸው ሰማኝና፣ «አብሽሪ እህቴ። መካን እንኳ ሳላይ ነው የመለሱኝ፣ አሁንስ ላያት ነው» አለኝ።

በዚህ መሀል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ጀለቢያውን ለዚህ ችግረኛ ባለብሰው ውሸቴ በግማሽ ይቀንሳል፣ አንድ ሰው በእርግጥ መጥቶ፣ በእርግጥ ለብሶ ሄደ ማለት ነው። ለዒድ ካልሆነ አይሰጥም የሚለውን የቤታችንን ወግ እያፈረስኩ መሆኔን ባውቅም «መርፌውን ተወው፣ ይሄን ልበስ» አልኩት። ጨርቁን አየና የሰው አይደለም ወይ አለኝ። የሰው ነው፣ ዛሬ ግን ያንተ ይሁን አልኩት። መቀሱ የት እንደገባ ግን አላውቅም ብዬ ስነሳ፣ ከተቀመጠበት ሳይንቀሳቀስ «ከኪታቡ ሣጥን ሥር እይው» አለ። የኪታቡ ሣጥን ከመጋረጃ ጀርባ ነው፣ እሱ ከተቀመጠበት አይታይም። መቀሱ እዚያ ነበር። ወላሂ እላችኋለሁ፣ እዚያ ነበር።

አንገቱን ለካሁት። አባቴ ያስተማረኝ ለአንገት ሜትር አይያዝም፣ በክር ተለክቶ ልኩ ላይ ይቋጠራል፣ በእሱ ነው የሚቀደደው። ቋጠርኩ፣ ቀደድኩ፣ እሱ መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ለበሰው። አባቴ ይሄን ልብስ በግምት ነው የሚሰፋው፣ በየዒዱ የለበሰው ሰው ሁሉ ወይ ይጎትተዋል ወይ ያጥረዋል፣ እንስቅ ነበር። ይሄ ሰውዬ ሲወጣ ግን ትከሻው ትከሻው ላይ፣ እጅጌው አንጓው ላይ፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልክ አለ። አመሰገነኝ፣ ዱዓ አደረገልኝ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና፣ «ሽማግሌው እዚህ አቧራ ውስጥ አይቀመጡ። የሚፈልጋቸው ሰው ያሉበት ድረስ ይመጣል» ብሎኝ ወጣ። የማይወጣ ሽማግሌ እንዳለ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል፣ ስለዚህ ይሄኛው እንኳ አይገርምም። እሱ እንደወጣ ዶዘሩ ማጓራቱን ቀጠለ።

አባቴ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ባዶውን ማንጠልጠያ ነው። ያዘጋጀሁትን ውሸት በሙሉ ረሳሁትና «አባባ፣ መጣ» ብቻ አልኩ።

በደስታ ይዘላል ብዬ ነበር፣ እሱ ግን በሩን ይዞ ቆሞ በጣም በቀስታ ጠየቀኝ። «እኔ ነኝ አለሽ?»

«አላለም። እኔም ስሙን አልጠየቅሁትም።»

«እሱማ አይልም፣ እኔ ነኝ የሚል ከመጣ አባርሪው። ወዴት ነው የሄደው?»

ሳዑዲ ነው አልኩት፣ መካን ሊያይ። አባቴ ዱካዋ ላይ ተቀመጠ፣ እሱም ተቀምጦባት አያውቅም። ከዚያ ክሩን አምጪ አለኝ፣ ሰጠሁት። የስፌት መኪናውን ትንሽ መሳቢያ ከፈተና ከጥግ አንዲት የተጠቀለለች ጨርቅ አወጣ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አይቻት አላውቅም፣ ውስጧ ያረጀ፣ ወደ ቡኒ የሄደ ክር ነበር። አያቴ አንድ ጊዜ በሕልሙ የአንድ ሰው አንገት ሲለካ አድሮ፣ ሲነሳ ቋጥሮ ያስቀመጠው ነው፣ «መጣሁ የሚል ብዙ ነው፣ በዚህ አትቅደድበት፣ ግን አስተያይበት» ብሎ ለአባቴ ሰጥቶታል። አባቴ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን አድርጎ ዘረጋቸው። ቋጠሮ ከቋጠሮ ጋር ገጠመ። ዓይኑ ስለደከመ በጣቱ ደግሞ ደግሞ ዳሰሰው፣ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሲጨርስ ተነስቶ «ዕቃውን እናውጣ» አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ወጥተን አለቅን።

ዕቃ ሲያግዙን ለጋሽ ታምሩ ነገሩን በጆሯቸው ነገርኳቸው። «ያ ነጭ ለብሶ የገባው ሰውዬ?» አሉኝ። ለብሶ የወጣው ማለትዎ ነው አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ሲገባም ነጭ ነበር የለበሰው፣ እዚህ አቧራ ውስጥ እንዴት አልቆሸሸም ብዬ እኮ ነው ያየሁት» አሉ። ያን ጊዜ ግራጫው ሸሚዝ እጄ ላይ ነበር፣ ትቶት ሄዶ ነበር፣ እስካሁንም አለ።

በእርግጥ ማስረዳት እችላለሁ። የቀጭን ሰው አንገት ከቀጭን ሰው አንገት ስንት ይለያል፣ ክር በዕድሜ ይኮማተራል፣ ጋሽ ታምሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ ዓይናቸው ጥርስ ያላት ጎማ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይሄን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቅልፍ ሲነሳኝ ለአባቴም ተናዘዝኩ፣ መጀመሪያ ልዋሽህ ነበር አልኩት። ሳቀብኝ፣ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። «አንቺ ልትዋሺ ፈለግሽ፣ አላህ ደግሞ አላዋሽሽም አለ» አለኝ። ሠራተኛ እኮ ነው፣ ከአገሩ የሚሰደድ ድሃ ነው ስለው፣ «ራሱም ገና አያውቅ ይሆናላ፣ መህዲን አላህ በአንድ ሌሊት ነው የሚያበጀው» አለ።

አባቴ ደህና ነው። ሸሚዙን አጥቦ፣ ቅዱ እንዳይታወቅ አድርጎ ጠግኖ፣ ከኮንዶሚኒየሙ በር ጀርባ ሰቅሎታል፣ ባለቤቱ ይመለስበታል ይላል። ዘንድሮ አዲስ ጀለቢያ አልሰፋም። እኔ ግን ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር፣ ታውቃላችሁ እንዴት እንደሚደጋገም፣ የሞቱትን ስም ዝርዝር በስልኬ እከፍታለሁ። የምፈልገውን ስም አላውቀውም፣ አልጠየቅሁትምና። አባቴ «ስሙንማ እናውቀዋለን» ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ እሱ የሚጠብቀው ሰው ስሙ የታወቀ ነው። እስከ ዛሬ በከፈትኩት ዝርዝር ሁሉ ሙሐመድ የሚባል አለ፣ አንዳንዴ ሦስትም አራትም። ስልኩን እዘጋና ሄጄ በሩን አየዋለሁ፣ እስከ መግሪብ አልቆልፈውም።