የኢንጂነር በርናባስ ክራቫት

ኢንጂነር በርናባስ ሞተው የተገኙት ቶሮንቶ ፓርክዴል፣ በሚመሩት የኢትዮጵያውያን ማኅበር ቤዝመንት፣ በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ነው። ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰዋል። ክራቫታቸው ታስሯል፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል። ላየ ሰው ስብሰባ ሊመሩ የተቀመጡ ይመስላሉ። ፊት ለፊታቸው በተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ የድሮ የጣልያን ኮሜዲ መሀል ላይ ቆሟል።

ፊልሙን አራት ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ እየተሰበሰቡ ወደ አማርኛ ይመልሱት ነበር። ታሪኩ ከሥራ የተባረረ የአንድ ሹም ነው። ሰውዬው በየጠዋቱ ቦርሳውን ይዞ ወደሌለ ቢሮ ይሄዳል። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ሁሉም የራሱ የሚሸፍነው ጉድ ስላለው ባርኔጣውን እያነሳ «ክቡርነትዎ» ይለዋል። የሹሙን ድምፅ የሚያወጡት ኢንጂነር በርናባስ ነበሩ። ከንቲባውን የሚሆኑት በማኅበሩ ምክትላቸው የሆኑት አቶ ዘርይሁን፣ የሹሙ ሚስት የራሳቸው ባለቤት ወይዘሮ እሌኒ ናቸው። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ መቅደስ፤ ካናዳ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። አዲስ ለመጣ ሰው መቼም ሌላ ሚና አይሰጠውም!

መርማሪ ፍቅርአዲስ የቶሮንቶ ፖሊስ ባልደረባ ናት። ጅማ ተወልዳ ኖርዝ ዮርክ ያደገች፣ ብዙ የማታወራ ሴት። ሬሳውን ከእግሩ ጀመረች። የተወለወለው ቀጭን ጫማ ውስጥ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አለ፤ ተረከዙ ሳይገባ ነው ማሰሪያው የተቋጠረው። ክራቫቱ ፊቱ ርጥብ ነው። ስታነሳው ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ደረቅ ሆኖ አገኘችው። አንገታቸው ላይ ደግሞ ከሸሚዙ ውስጥ አንዲት ነገር በገመድ ተንጠልጥላለች። ሳብ አደረገቻት። የፕላስቲክ ፊሽካ ነች።

ሐኪሙ «ልብ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል» ብሎ ሄደ።

አቶ ዘርይሁን ግን ምርመራውን ጨርሰው ነበር የጠበቋት።

«ልጅቷ ሻይ ሰጠቻቸው፤ ጠጡ፤ ወደቁ። ሌላ ምን አለው?»

«ወደቁ ወይስ ተቀመጡ?»

«ማለቴ… ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።»

«መቅደስ ምን አድርገዋት ነው የምትገድላቸው?»

«ለጥገኝነት ኬዟ የማኅበሩን የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጋ አልፈረሙላትም። ቂም ነዋ!»

ፍቅርአዲስ ጠረጴዛውን አየች። የሻዩ ብርጭቆ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ አቶ ዘርይሁንን አየች። እሳቸው ክራቫት አላሰሩም፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ግን ዙሪያውን ወደ ላይ ተገልብጦ ቀርቷል። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ወይዘሮ እሌኒ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ፊታቸው ብርድ ያደነዘዘው እጅ ይመስላል።

«ኢንጂነሩ የት ነበር የሚሠሩት?»

«ኖርዝ ዮርክ። ቢሮ።»

«የምን ቢሮ?»

«ቢሮ ነዋ! ቢሮ አታውቂም?»

መቅደስ ኮሪደር ላይ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

«ሻዩን ቀድቼ አስቀመጥኩ፤ ጋሽ በርናባስ ገና አልገቡም ነበር። ጋሽ ዘርይሁን ከዕቃ ቤቱ ወጡና ቶሎ ሎሚ ግዢ አሉኝ።»

«ለምን የሚሆን?»

«እንጃ። ሎሚ የሚጠጣ ማንም የለም። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ስመለስ እንደዚህ ተቀምጠው አገኘኋቸው።»

«አምቡላንስ እንዲመጣ ናይን ዋን ዋን ኮል ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እነሱ ቆመው ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እባክሽ እህቴ፣ ሰኞ የጥገኝነት ሂሪንግ አለኝ፤ ዳኛ ፊት ልቀርብ ነው። በነፍስ ስሜ ከተነሳ አለቀልኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ይዣለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ፎቁ ላይ ለቀስተኛው መሰብሰብ ጀምሯል። መቅደስ መርዛ ገደለቻቸው የሚለው ወሬ ከወንበሮቹ ቀድሞ ደርሷል፤ አንዲት ሴት እንዲያውም የመቅደስን ሰላምታ አልቀበልም ብላ ፊቷን አዞረች። ፍቅርአዲስ ሦስቱንም ወደ ቤዝመንቱ አወረደቻቸውና በሩን ዘጋች።

«ከሻዩ ልጀምር» አለች። «አቶ ዘርይሁን፣ ጠጥተው ወደቁ ብለውኛል። ብርጭቆው ግን አልተነካም።»

«ሌላ ተቀድቶላቸው ይሆናላ!»

«የተቀዳው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ብርጭቆዎች ደረቅ ናቸው። እሺ፣ ጫማው። በዚያ ካልሲ ያንን ጫማ ያደረገ ሰው ሦስት እርምጃ አይራመድም። ስለዚህ ጫማውን ያደረገላቸው ሌላ ሰው ነው። ክራቫቱንም ሌላ ሰው ነው ያሰረላቸው። አንዳንድ ሰው ክራቫት ማሰር የሚያውቀው በራሱ አንገት ላይ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ለራሱ ያስርና አውልቆ ለሌላው ያጠልቃል። አቶ ዘርይሁን፣ ትናንት ኮሌታዎን መመለስ ረስተው ነበር።»

አቶ ዘርይሁን እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኮሌታቸው ሄደ።

«የለበሱትን ልብስ ለምን ቀየራችሁባቸው? ይቺን ሳታወልቁ ቀርታችሁ አሳበቀችባችሁ።» ፊሽካዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። «ዛሬ ጠዋት ለከተማው አስተዳደር ስልክ መታሁ። ኢንጂነር በርናባስ ስምንት ዓመት ሙሉ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ ፊሽካ እየነፉ ተማሪ የሚያሻግሩ ሠራተኛ ነበሩ። ቢጫው ሰደርያ ጠፍቷል። ወይዘሮ እሌኒ፣ ቦርሳዎን ከትናንት ጀምሮ ከእጅዎ አላወጡትም።»

ወይዘሮ እሌኒ ቦርሳውን ከፈቱት። የሚያብለጨልጨው ሰደርያ ተጣጥፎ ወጣ። እንደ ሕፃን ልብስ በጥንቃቄ ነበር ያጣጠፉት።

«ሞተው ነው ያገኘናቸው!» አሉ አቶ ዘርይሁን። «ሬሳ ማክበር ወንጀል ነው እንዴ? በሰደርያ ይገኙልን?»

«ሞተው ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እወጣ ነበር። ክራቫቱ ላይ ውሃ ፈስሷል። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ግን ደረቅ ነው። ክራቫቱ ከታሰረ በኋላ ውሃ አጠጥታችኋቸዋል ማለት ነው። ሬሳ ውሃ ይጠማዋል?»

ፎቁ ላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ወይዘሮ እሌኒ ማንንም ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

«በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ዕቃ ቤት ገብቶ ልብሱን እስኪቀይር እጠብቃለሁ፤ የማላውቅ መስዬ። ትናንት እኔና ዘርይሁን እዚያው ወድቆ አገኘነው። ደረቱን ይዟል። ‹አምቡላንስ› ስል እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። ‹ሱፌን› አለ። ‹መቅደስ እንዳታየኝ› አለ። ስልኩን ሳነሳ ዘርይሁን ከእጄ ወሰደው።»

«መጀመሪያ ይልበሱ አልኩ» አሉ አቶ ዘርይሁን፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔንስ ዶክተር እያሉ አይደል የሚጠሩኝ? ፒዛ እኮ ነው የማደርሰው! እሳቸው አንድ ቀን ከተዋረዱ ነገ የሁላችንም ጉድ ይወጣል። አምስት ደቂቃ መስሎኝ ነበር።»

«ሃያ አምስት ነው» አለች ፍቅርአዲስ።

«ውሃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ እሌኒ። «‹አማረብኝ?› አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ አልዋጥ አለው።»

 ፍቅርአዲስ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ሁለታችሁም ይህንኑ ጣቢያ መጥታችሁ ትፈርማላችሁ። ሕጉ የሚለውን ያኔ ትሰማላችሁ። መቅደስ፣ ስምሽ በምስክርነት ብቻ ነው የሚገባው። ሰኞ ያለ ስጋት ሂጂ። አሁን ደግሞ አቶ ዘርይሁን ፎቅ ወጥተው ሻዩ ንጹህ እንደነበር ለለቀስተኛው በአፋቸው ይናገራሉ።»

አቶ ዘርይሁን ኮሌታቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ።

መቅደስ ፊሽካዋን ታያታለች።

«እትዬ እሌኒ» አለች። «እኔ እኮ አውቅ ነበር። ቤቴ እዚያው ነው። በየጠዋቱ እኔንና ልጄን ያሻግሩን ነበር። እንዳያፍሩ ብዬ ስካርፌን እስከ ዓይኔ እስባለሁ። ልጄ ጋሽ ፊሽካ ነው የምትላቸው።»

ወይዘሮ እሌኒ ቀና አሉ።

«እዚያ ምን ያደርግ ነበር?»

«ከልጆቹ ጋር ይቀልዳሉ። ፊሽካዋን በዘፈን ዜማ ይነፉላቸዋል። ይስቃሉ።»

«ይስቃል?»

«አዎ፣ ጮክ ብለው።»

ወይዘሮ እሌኒ ስምንት ዓመት ሙሉ ባለቤታቸው ቤት ውስጥ ሲስቁ ሰምተው አያውቁም። ፊሽካዋን አንስተው አንገታቸው ላይ አጠለቋት፤ ሰደርያውን ከጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ደርበው ለቀስተኛው ወዳለበት ወጡ።