ግማሽ እንቅልፍ

«የምሬን ነው ኢሉ! ያን የጥርስ ክሊኒኩን መርፌ የተወጋ ሰው የሆዱን ሳይዘከዝክ አይነሳም» አለች የክፍል ጓደኛዋ ሳባ፣ እንደ አዲስ። ሰኞ ዕለት ባወራችው ላይ የሆዷን የዘከዘከችው የሀቢቾ ሙሽራ ነበረች። ዛሬ ደግሞ የቦኖሻ መምህር ሆነዋል። የሳባ ወሬ አገር ይቀይራል እንጂ አይሞትም።

ኢልሃም ያበጠ ጉንጯን በሻሿ ደገፈች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አቦ አትቅደጂ!» ትላት ነበር። ዛሬ ግን የምትደብቀው ነገር አላት። ቤተሰቡ ታላቅ ወንድሟ ፈትሁዲን ቦኖሻ እህል ሊገዛ የሄደ ይመስለዋል። እሱ ግን እዚሁ ሆሳዕና ደላላ ቤት ተደብቋል፤ ማታ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊነሳ ነው። «ትንፍሽ ካልሽ እህቴ አይደለሽም» ብሎ አስምሏታል። ባለፈው ክረምት የጎረቤታቸው ልጅ በዚያው መንገድ ቀርቶ፣ ሬሳ በሌለበት ድንኳን ተለቅሶለታል።

እናቷ ሃቢባ ክሊኒኩ አደረሰቻት፤ ውስጥ የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ቤተልሔም ራጁን ወደ መብራቱ አነሳችው።

«ባለፈው አደንዝዤሽ እንኳ ከወንበሩ ዘለሽ ሮጥሽ። ይሄ ጥርስ አጥንት ውስጥ ተጋድሟል፤ እየተንቀጠቀጥሽ አይወጣም። ዛሬ የሚያረጋጋ መድኃኒት እጨምርልሻለሁ። ጭልጥ ብለሽ አትተኚም፤ ስጠራሽ ትሰሚኛለሽ፣ በራስሽ ትተነፍሻለሽ። ፍርሃቱ ግን ይለቅሻል።»

«ሰው... ይለፈልፋል?»

«ጥቂት ይቀባጥር ይሆናል። ምስጢር የሚያስወጣ ቢሆንማ ፖሊስ ለእኔ ይተውልኝ ነበር?»

ኢልሃም አልሳቀችም። እምቢ ብትል ጥርሱ አለ፤ እሺ ብትል ወንድሟ። ጉንጯ እንደ ልብ ይመታል። እጇን ለመርፌው ዘረጋች።

መብራቱ እንደ ጭጋግ ለሰለሰ። ጣቷ ላይ የተሰካው መሣሪያ ቲት፣ ቲት ይላል። «አፍሽን ክፈቺ ኢልሃም» ስትባል ከፈተች። ጥርሷ ሲነቀል፣ ጎረቤት ቤት ቁም ሳጥን የሚጎትቱ ያህል ከሩቅ ተሰማት፤ አላመማትም፣ አልፈራችምም። ከዚያ እናቷ ሃቢባ አጠገቧ ቆመች። ዓይኗ አይርገበገብም።

«ፈትሁዲን የት ነው?»

ኢልሃም መለሰችላት። እናቷ ደግማ ጠየቀች። ደግማ መለሰች።

አርፋ ከተነቃቃች በኋላ በባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ ሃቢባ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የልጇን እጅ ይዛ መንገዱን ብቻ ታያለች። አወቀች፣ አለች ኢልሃም በልቧ። ግን ምን ያህሉን ነግሬያታለሁ? ሰዓቱን? ቤቱን?

ዝም ማለት ትችል ነበር። ፈትሁዲን ቢጠይቃትም «እኔ አይደለሁም፤ መድኃኒቱ ነው» ማለት ትችል ነበር። ባጃጁ መናኸሪያውን ሲያልፍ የነከሰችውን ጥጥ ከአፏ አወጣች።

«እማ፣ የቀረውንም ልንገርሽ። ፈትሁዲን ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ሰማያዊ በር ያለው ደላላ ቤት። ማታ ይነሳሉ።»

«አዙረው!» ሃቢባ የሹፌሩን ትከሻ መታች። «ወንድሜ፣ በአላህ አዙረው!»

ባጃጁ ሲዞር ሃቢባ ከመቀመጫዋ ተስባ «ፍጠን!» እያለች ሹፌሩን ታጣድፍ ነበር።

«ቅድም ስትጠይቂኝ ግን እንዲህ አልሆንሽም» አለች ኢልሃም።

«መቼ ጠየቅሁሽ?»

«ወንበሩ ላይ ሳለሁ። አጠገቤ ቆመሽ።»

ሃቢባ ዞር ብላም አላየቻት፤ ዓይኗ ሰማያዊውን በር ይፈልጋል።

«እኔማ ደጅ ነበርኩ» አለች። «ዶክተሯ መች አስገባችኝ!»