በረኛውና የተዘጋው መጋረጃ

ድምፁን እንጂ መልኩን የማታውቀውን ወንድ ሴት ልጅ እንዴት ትወዳለች? አያት ይህን ጥያቄ ሲያገላብጡት ከረሙ፤ መልስ ግን አላገኙለትም። ጎረቤት እንዳያማክሩ ነገሩ ለወሬ ይመቻል። ልጅቷን እንዳይጠይቁ ትስቅባቸዋለች።

እናቷ ከሞተች ወዲህ በእጃቸው ያደገች የልጅ ልጃቸው ናት፤ እሳቸውንም «እማዬ» ትላቸዋለች። ቀን ቀን በአንድ ቪዲዮ ቤት ፊልም ታቀናብራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ ትጀምራለች። ማንም በነፃ የሚጠቀምበት፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አለ። በውስጡ ያሉት የቀለም ማስተካከያ ፕላጊኖች፣ ማለትም ተቀጥላ ፕሮግራሞች፣ የተጻፉት ለድሮ ስክሪን ስለሆነ ከወረቀት ነጭ በላይ ብርሃን አለ ብለው አያምኑም። ደማቅ ብርሃንን ሳይቀንስ በሚይዘው፣ ኤችዲአር በሚባለው አዲስ አቀራረጽ የተቀዳ ፀሐይ ሲሰጧቸው የተረፈውን ቆርጠው ይጥሉና ፀሐይዋን ነጭ ሳህን ያስመስሏታል። ልጅቷ ይህን ካላስተካከልኩ ብላ ተነሥታለች።

የጻፈችው ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ ዝም ብሎ አይገባም። ኮዱን የሚቆጣጠር፣ በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት አንብቦ ይሁን ማለት አለበት። አያት «በረኛው» ብለው ሰይመውታል።

«ዛሬስ በረኛሽ አሳለፈሽ?»

«መለሰብኝ።»

«አሁንም?»

«ምስሉ ገርጥቷል፣ አመድ መስሏል ይላል።»

«እንግዲህ ሰውዬው አንቺን ሲመልስ የሚውል ከሆነ አልፈለገሽም ማለት ነው። ከዚህ በላይ እንዴት ይንገርሽ?»

ልጅቷ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ፈገግ አለች። «የሚመልሰው እኮ እያንዳንዷን መስመር ስለሚያነብ ነው፣ እማዬ። የጻፍኩትን እንዲህ አድርጎ ያነበበልኝ ሰው የለም።»

አበባ ይዞ የሚመጣ ቢሆን አያት ያባርሩት ነበር፤ ስሕተት እየለቀመ የሚመጣውን ግን በምን ዱላ ያባርሩታል?

አንድ እሑድ ልጅቷ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከወጣቱ ጋር ስትነጋገር፣ አያት ልብስ የሚያጣጥፉ መስለው ጆሯቸውን አቆሙ።

«ቆይ፣ አንተ በምን ስክሪን ነው የምታየው?» አለች ልጅቷ።

«በላፕቶፔ» አለ ወጣቱ እያመነታ።

«ኤችዲአር ያሳያል?»

«አያሳይም። የብርሃኑን መጠን ከግራፍ ላይ አነባለሁ፤ ምስሉን ግን በግምት ነው።»

«ታዲያ አመድ የመሰለው ያንተ ላፕቶፕ ነዋ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ ነዋ። አያትሽ በረኛ ብለውኛል አይደል? ኳሷ የማትታየው በረኛ ነኝ ልበልሽ?»

አያት አሁን ትጮህበታለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ና እና በእኔ እይ። ከሥራ ቦታ ያዋሱኝ ጥሩ ስክሪን አለ። የሶፍትዌሩ አዲስ እትም ለለውጥ ሳይዘጋ ቅዳሜ ና። በዐይንህ አይተህ ወይ ታስገባዋለህ፣ ወይ ፊት ለፊቴ እምቢ ትለኛለህ።»

ስልኩ ሲዘጋ አያት ያጣጠፉትን መልሰው ዘረጉት። «የሚመጣው ለኮዱ ነው ወይስ ላንቺ?»

«ለኮዱ መሆኑን አውቃለሁ። ለእኔ ከሆነ ከራሱ አፍ እሰማዋለሁ። ቅዳሜ ሳይነግረኝ ከሄደ ከእንግዲህ አልጠብቀውም። ቆርጫለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫማውን በር ላይ ደጋግሞ የሚጠርግ ልጅ ነው። «እንደምን ዋሉ፣ እማማ» ብሎ ከወገቡ ጎንበስ አለ። አያት ከፀጉሩ እስከ ጫማው ፈተሹት፤ ለመጥላት የሚበቃ ነገር ሲያጡ ይበልጥ ተናደዱ።

ልጅቷ ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«የውጪው ብርሃን ዐይን ያታልላል፣ እማዬ። ቀለም የሚታየው ጨለም ሲል ነው።»

«በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ተዘግቶ የሚሠራ ሥራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እውነቷን ነው፣ እማማ» አለ ወጣቱ።

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ልጄ?» አሉና ወንበራቸውን ጎትተው በሁለቱ መካከል ቁጭ አሉ።

ስክሪኑ ላይ ልጅቷ በመስኮት አጠገብ የቀረጸቻቸው ራሳቸው አያት ታዩ። በድሮው ፕላጊን ከጀርባቸው ያለው መስኮት ባዶ ነጭ ነበር። ልጅቷ ራሷ ወደ ጻፈችው ስትቀይረው መስኮቱ ውስጥ ዛፍ በቀለ፤ ቅጠሎቹ ላይ ፀሐይ አረፈች፤ ክፍሉ ራሱ በራ። ወጣቱ ስክሪኑን በጣቱ አመለከተ።

«አመድ ያልኩት ይሄን ነው?»

«ይሄንኑ።»

«ይቅር በይኝ» አለ። ቀጥሎ ግን ወደፊት አዘነበለና የቀለሙን ድምቀት ጨመረው። ፀሐይ የነካው የአያት ጉንጭ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆነ። «እዚህ ጋ ልክ አይደለም። እንዲህ ሆኖ አላስገባውም።»

የአያት ደም ፈላ። «ይቅርታ ጠይቀህ ሳትጨርስ ትመልሳታለህ? የልጄ ልብ ድንጋይ መሰለህ?»

«ልክ ነው፣ እማዬ» አለች ልጅቷ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ሰማያዊውን ብቻ አሁንም የሚቆርጥ መስመር የሆነ ቦታ ተርፎኛል። ለዚህ ነው የቀረው ቢጫ የሆነው። ሳላገኘው አልነሣም።»

«እኔም አልነሣም» አለ ወጣቱ።

በአያት ራስ ላይ አሻግረው ይነጋገሩ ጀመር። ኪቦርዱን በአያት ጭን በኩል ተቀባበሉት። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል፤ አንዷ ስትሳሳት ሌላው ይስቃል፣ እሷም መልሳ በነገር ትወጋዋለች። አያት እንደ አጥር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ግን ከላይ የሚዘሉት አጥር ምን ያግዳል?

መስመሩ ተገኘ። ስትሰርዘው ጉንጫቸው ወደ ራሱ መልክ ተመለሰ። ወጣቱ ድምቀቱን እስከ ጥግ ሞከረው፤ እንከን አጣበት። አንድ ቁልፍ ተጫነ።

«ገባ» አለ።

«ገባ» አለች።

አልሳቁም። በስክሪኑ ብርሃን ብቻ ተያዩ።

«ሌላም የምልሽ ነገር ነበረኝ» አለ ወጣቱ። አያትን አየ። «ስለ አዲሱ እትም አይደለም።» ልጅቷ አላገዘችውም፤ ዐይኗን ሳትሰብር ጠበቀችው። እንደገና አፉን ከፈተ፤ እንደገና አያትን አየና ዘጋው።

የመመለሻ አውቶቡሱ ሳይመሽ ይነሣል። ልጅቷ ቆርጫለሁ ካለች ደግሞ ወደኋላ እንደማትል አያት ያውቃሉ፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ቢያታልላትስ? ቢተዋትስ? እሳቸው በሌሉበት ማን ያባብላታል? ጭንቀቱ ማለቂያ አልነበረውም። እዚያው ተቀምጠው ቢጠብቋት ግን ይህ ልጅ ቃሉን እንደዋጠ መሳፈሩ ነው።

ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወንበሩን ከመካከል አንሥተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ልጅቷ ቀና ብላ ምን ሆንሽ ልትል ስትል እሳቸው በሩ ጋ ደርሰዋል። ሻሻቸውን አጥብቀው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ወደ ውጭ ወጡ።