ሞተር ላይ የተያዘው ቦታ

የማወራችሁ ከእግር እስከ ራሱ እውነት ነው። ብዋሽ የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ ይብላኝ! ጉማሬ የሚበላው ሣር ነው የምትሉኝ አትጠፉም፤ አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው በእሱ የማልኩት።

ክብሩ እባላለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም ተለያይተን የአውቶቡስ ረዳት ሆንኩ። ጠዋት ከሐዋሳ እንነሳና ለኩን፣ ይርጋለምን አልፈን አለታ ወንዶ እንገባለን፤ ከሰዓት እንመለሳለን። ሦስት ወረዳ በአንድ አውቶቡስ! በሽተኛውንም፣ ሙሽራውንም፣ ዶሮውንም የምናደርሰው እኛው ነን። ሹፌሩ ኢዮብ ዝምተኛ ነው። እሱ በዓመት የሚያወራውን እኔ ከመናኸሪያ ሳንወጣ እጨርሰዋለሁ።

አንድ ሰኞ በሩን ዘግቼ «ሳበው!» እንዳልኩ፣ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ እየሮጠች መጣች።

«ሞልቷል እህቴ!» አልኳት።

ኢዮብ ግን ፍሬን ያዘ። «ትግባ።»

«የት ላስቀምጣት? ጭንቅላቴ ላይ?»

«ሞተር ላይ።»

ከጎኑ ያለው የሞተር ክዳን ይግላል። ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ፣ አጥፎ አነጠፈላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«ም... ምንም አይደል።»

ሦስት ዓመት አብሬው ስሠራ ሲንተባተብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው!

ትንሣኤ ትባላለች። ከደብረ ብርሃን መጥታ አለታ ወንዶ የተመደበች ነርስ ናት። ሰኞ ከእኛ ጋር ትሄዳለች፤ ዓርብ በመሥሪያ ቤቷ መኪና እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ወዳለው አክስቷ ቤት ትመለሳለች። ከዚያ ወዲህ ወንበር ባዶ ቢሆን እንኳ ሞተር ላይ ነው የምትቀመጠው። ሌላ ሰው ሊቀመጥ ሲል ኢዮብ ዞር ሳይል «ሰው አለው» ይላል።

አንድ ሰኞ ይርጋለም ላይ ኢዮብ ጎማ ሊያይ ሲወርድ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ክብሩ... ሹፌራችሁ አግብቷል እንዴ?»

እኔን መጠየቅ!

«አንዴ ብቻ መሰለሽ ሲስተር? ለኩ አንድ፣ ይርጋለም አንድ፣ ወንዶ አንድ። መስመሩን ይዞ ነው ያገባው!»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ያን ዓርብ ግን የመሥሪያ ቤቷ መኪና ሌላ ቦታ ሄዶ ከእኛ ጋር ተመለሰች። ዓርብ ደግሞ የአደራ ቀን ነው። በየከተማው ያሉ እናቶችና እህቶች ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ልጆች ምግብ ቋጥረው በኢዮብ እጅ ይልካሉ። ወንዶ ላይ አንዲት ቆንጆ ሳህኑን አስይዛው ጉንጩን ሳመችው። ይርጋለም ላይ ሌላዋ ቋጠሮዋን ሰጠችው፤ ያዘለችው ሕፃን ኢዮብን ሲያይ ሁለት እጁን ዘረጋ። የሚያወሩት በሲዳምኛ ነው፤ ትንሣኤ አንድ ቃል አትሰማም።

ብድግ ብላ የኋላ ወንበር ሄደች።

በሚቀጥለው ሰኞ አልመጣችም። በሌላውም ሰኞ። ፎጣው ታጥፎ ተቀመጠ። ሰው ቆሞ እየሄደ ኢዮብ አሁንም «ሰው አለው» ይላል። ምሳ መብላትም ተወ።

ሐሙስ ዕለት ወንዶ ላይ የጤና ጣቢያው ጥበቃ «ሲስተር ትንሣኤ ዝውውር አግኝታ ቅዳሜ ወደ አገሯ ልትሄድ ነው» አለኝ። ለኩ ስንደርስ በገዛ ፈቃዴ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ኢዮብ እግር ላይ ወድቄ ተናዘዝኩ።

«ሦስት?» አለ።

«ሦስት።»

«አንተ ሰው! እኔ አንዷን ማናገር አቅቶኝ...»

«ደውልላት!»

«ስልኳን መች ደፍሬ ጠየቅኳት!»

እማማ ወርቅነሽ፣ ከለኩ ለልጃቸው ምግብ የሚልኩት እናት፣ አጠገባችን ነበሩ። ሁሉንም ሰሙ፤ ለወንዶዋና ለይርጋለሟም ደወሉ።

በማግስቱ ዓርብ ምግቡ ብቻውን አልተላከም። ከወንዶ ያቺ ቆንጆ፣ ከይርጋለም ባለሕፃኗ፣ ከለኩ እማማ ወርቅነሽ ሳህናቸውን እንደያዙ ተሳፈሩ። አንድ ጊዜ የትንሣኤን ሻንጣ ተሸክሜላት ስለነበር የአክስቷን ቤት አውቀዋለሁ። ሐዋሳ ሰው አራግፈን በባጃጅ ታቦር ወጣን።

በሩን ስትከፍት የታሰረ ሻንጣዋ ከኋላዋ ቆሟል።

«እኛ ሚስቶቹ ነን!» አሉ እማማ ወርቅነሽ። «እኔ የለኩ!»

ትንሣኤ በሩን መልሳ ገፋ አደረገችው።

«አይዞሽ ልጄ። ምግቡ የልጆቻችን ነው። ይቺ የወንዶዋም ለወንድሟ ነው የምትልከው። ኢዮብ አደራ ያደርሳል እንጂ ሚስት የለውም። ውሸታሙ ይኸውልሽ!»

ጣታቸው እኔ ላይ ነበር። ልደበቅ ብል ባጃጁ ሄዷል!

ኢዮብ ፎጣውን እንደያዘ ቀረብ አለ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተስ ለምን ምንም አላልከኝም?» ዕንባዋ መጣ። «ያ ቦታ... አሁንም ሰው አለው?»

«ከመጀመሪያዋ ሰኞ ጀምሮ አለው» አለ። ሳይንተባተብ! «አንቺ አለሽው።»

ቅዳሜ አልሄደችም። ዝውውሩን አሰረዘች። በጥር ተጋቡ፤ የሙሽራ መኪና አልተከራዩም። ትንሣኤ በቬሎዋ ሞተር ላይ፣ ያችው ፎጣ ላይ ተቀምጣ፣ ሦስቱን ወረዳ በጥሩምባና በእልልታ አለፍን።

እንግዲህ ምያለሁና አንዷን ላስተካክል። በገዛ ፈቃዴ አልተናዘዝኩም። ያን ዓርብ ለኩ ላይ እማማ ወርቅነሽ ልጅቷ በኋላው መስኮት ስታለቅስ አይተዋት ኖሯል። ሐሙስ ዕለት ጆሮዬን ጠምዝዘው «ምን ብለሃት ነው?» እስኪሉኝ ድረስ ፈርቼ አፌን ዘግቼ ነበር። እሳቸው ባይኖሩ፣ በእኔ ምላስ የተነሳ ያ ቦታ እስከዛሬ ባዶውን ይመላለስ ነበር።

አሁንም ዓርብ ዓርብ ሳህናቸውን ሲሰጡን ጆሮዬን ዳሰስ ያደርጉታል።