በችግኙ በኩል

ሰው ሁሉ ሩጫው እንዳይሰለቸው ብሎ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ይከታል። እሱ ተቃራኒው ነበር፤ የሚያዳምጠውን ነገር በሰላም የሚያዳምጥበት ቦታ ስላጣ ነው ሩጫ የጀመረው።

ሥራው መነፅር ቤት ነው። ደንበኛ የሚስተናገድበት፣ ዙሪያው መስታወት የሆነው የፊተኛው ክፍል አይደለም የሱ ቦታ፤ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቆሞ ሌንስ ይሞርዳል። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህበት ስለሚውል ሰው ሲያናግረው እንኳ ከንፈር እያየ ነው የሚመልሰው። ቤት ሲገባ ደግሞ ታላቅ እህቱ አለች። እህቱ ደግ ናት፤ ግን ወሬዋ ነጠላ ሰረዝ እንጂ አራት ነጥብ የለውም።

ስለዚህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናፈሻው ሲከፈት ኤርፎኑን ሰክቶ ኩሬውን እየዞረ ዳኛውን ይሰማል።

ዳኛው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን በሚወጣው ፖድካስታቸው የጎረቤት ጠብ ያወራሉ፤ ሌላ ትልቅ ጉዳይ አይነኩም። የላይኛዋ ልብሷን ስታሰጣ ውሃው የታችኛው በረንዳ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሁለት ቤቶች አንዲት ድመት የኛ ናት ይባባላሉ፤ እንዲህ ያለውን። ፍርዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰጠው። እስከዚያ «ቆይ፣ እመለስበታለሁ» ይሉና ሌላ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ፤ ግማሹን አይመለሱበትም። በዚህ ላይ ነገሩ መጣፈጥ ሲጀምር የፍራሽ ማስታወቂያ ጥልቅ ይላል። ማስታወቂያውን በቃሉ ይዞታል። ከመጥላቱ ብዛት ነው የያዘው።

እህቱ ግን ይህ ሁሉ አይገባትም።

«ሮጠህ ሮጠህ ስትመለስ ያው ቤትህ ነህ» ትለዋለች። «ምን አምጥተህ መጣህ?»

ምን እንዳመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው የድመቷ ጉዳይ የተሰማ ቀን ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሲካሰሱ፣ ሲማማሉ ቆይተው፣ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ድመቷስ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። እሱም ከበሩ ማዶ ባለው የኩሬው ድልድይ ላይ፣ ብቻውን፣ ጮክ ብሎ ሳቀ። በዚያችው ቅጽበት ከፊቱ እየሮጠች የምትመጣ ልጅ ጮክ ብላ ሳቀች።

ተላለፉ። አምስት ስድስት እርምጃ ሄደው ሁለቱም ቆሙ፤ ዞረውም ተያዩ። እሷ በጣቷ ጆሮዋን አሳየች።

«ዳኛው?» አለች።

«ዳኛው» አለ።

በቃ፣ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ከመናፈሻው ጀርባ ያለው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ስታይ ስለምትውል ጠዋት ጠዋት የሰው ድምፅ ያምራታል። እሱ ኩሬውን ወደ ቀኝ ይዞራል፣ እሷ ወደ ግራ። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ ይገናኙና፣ እሷ እስከ ሦስት ቆጥራ ፖድካስቱን እኩል ይከፍቱና፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይነሳሉ። በየዙሩ ድልድዩ ላይ ሲተላለፉ ጆሯቸው ውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ ነው። አንዱ የጀመረውን ሳቅ ሌላው ይጨርሳል። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ክርክርም ይገጥማሉ፤ እሷ ጥፋቱ የላይኛዋ ነው ብላ ታልፋለች፣ እሱ መልሱን አንድ ዙር ሙሉ ሲያሰላስል ቆይቶ የታችኛው ምን ሊሠራ ከስር ወንበር ዘረጋ ይላታል፣ እሷ መልሷን በሚቀጥለው ዙር ይዛ ትመጣለች። ሌላ ሰው ሙሉ ቀን ተቀምጦ ከሚያወራው ይልቅ ይቺ ሦስት ሰከንድ ለሱ ትበልጥበት ነበር።

ችግሩ አንድ ነው። እሷ ኩሬውን በሰባት ደቂቃ ትዞራለች፣ እሱ በአሥር።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ምንም ነፍሱን ይዞ ድልድዩ ላይ እኩል ደረሰ። ማታ ደረጃ ሲወጣ እግሩ አልታዘዘው አለ። በሁለተኛው ሳምንት መገናኛቸው ከድልድዩ እየራቀ ወደሱ ጎን መምጣት ጀመረ፤ እሷም «ዛሬ ደክሞህ ነው?» አለችው። ጥያቄው የአሳቢ ሰው ጥያቄ ነበር፤ ለሱ ግን የፈተና ውጤት ሆኖ ተሰማው። በማግስቱ ከረጅሙ ጥድ አጥር ጀርባ፣ በአትክልተኞቹ ችግኝ ማፍያ መሃል የምታልፍ አንዲት ቀጭን መንገድ አየ። የዙሩን ሲሶ ትቆርጣለች። ከኩሬው ማዶ አትታይም።

ገባባት። አንዴ ብቻ ነው ብሎ ነበር የገባው።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ድልድዩ ላይ እኩል ይደርሱ ጀመር። እንዲያውም አንዳንድ ቀን እሱ ቀድሞ ደርሶ ትንፋሹን ሲሰበስብ ትደርስበታለች፤ ያኔ ጥርሷን ነክሳ ፍጥነቷን ስትጨምር ያያል። መናፈሻው በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ ነገሩን ሁሉ ከወንበራቸው ያያሉ።

«የኔ ሯጭ፣ ዛሬም በችግኙ በኩል ነው?» ይሉታል።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፤ ትሰማለች።»

«ኧረ ችግኙም ለምዶሃል። ስታልፍ ውሃ ያመጣህለት ይመስለዋል።»

በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ ሩጫ ጨርሰው በሩ ላይ ቆመው ሳለ፣ ልጅቷ ኤርፎኗን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች አንድ ነገር ልትጠይቀው እንደፈለገች ነገረችው። እምቢ ቢልም እንደማትቀየም አስቀድማ ተናገረች። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው እንደሚቀየም እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሆስፒታሉ በየዓመቱ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ያዘጋጃል። የሚሮጠው ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የመጨረሻውን መስመር ካላለፉ አይቆጠርላቸውም። ላቦራቶሪ ያሉት ሁሉ ጥንዳቸውን ይዘዋል።

«እኔ እኩዬን አግኝቼ አላውቅም» አለች። «ሰው ወይ ይቀድመኛል፣ ወይ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ካንተ ጋር ግን ልክ ነን።»

ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። እሱ ጫማውን ያይ ነበር። ጎን ለጎን። አሥር ኪሎ ሜትር። ችግኝ የሌለበት።

«መቼ ነው?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ እሁድ።»

«እሁድ እንኳን ሥራ አለብኝ።»

ኤርፎኗን መጠቅለሏን አቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ «መነፅር ቤቱ እሁድ ዝግ ነው» አለች። «ባለፈው እናቴን ይዣት መጥቼ አንኳኩቼ ተመለስኩ።»

«ከውስጥ ነው የምሠራው።»

ይህን ሲናገር ገና ከአፉ ሳይወጣ ነው የቆጨው።

«እሺ» አለች። የተጠቀለለውን ኤርፎን ኪሷ ከትታ ሄደች። ያችን «እሺ» ቤቱ ድረስ ይዟት ሄደ፤ ማሽኑ ስር ይዟት ዋለ፤ ሌንስ ሁለት ጊዜ ሰብሮ አለቃው ዓይንህን ተመርመር አለው።

ከዚያ የመጣው ከጠብ ይብሳል። ቢጣሉ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን በአገጯ ሰላም ትለዋለች። እስከ ሦስት መቁጠሩ ቀረ። ከሱ በፊት መጥታ፣ ፖድካስቱን ቀድማ ከፍታ ትነሳለች። እሱ ገና ዳኛው «እንደምን ሰነበታችሁ» ሲሉ እሷ ጉዳዩ መሃል ናት። ከኩሬው ማዶ ሳቋ ይሰማል፤ ቀልዱ ሳይደርሰው ሳቋ ይደርሰዋል። ከዚያ ቀልዱ እየመጣ እንደሆነ እያወቀ ይጠብቃል፤ ሲመጣም አይስቅም፤ ድልድዩ ላይ ሲተላለፉ ፊቷ ሌላ ቦታ ነው።

ሊደርስባት ሞከረ። እየሮጠ ስልኩን አውጥቶ ሰላሳ ሰከንድ ወደ ፊት ገፋው። አልበቃም። አንድ ደቂቃ ጨመረ። ላብ የነካው ጣት ስልኩ ላይ አይሠራም፤ ሲሠራም አይመጠንም፤ ባንድ ዝላይ ፍርዱ ላይ ጣለው። ማን በምን እንደተካሰሰ ሳይሰማ ማን እንደተረታ ሰማ። ወደ ኋላ መለሰው፤ የፍራሽ ማስታወቂያው ላይ አረፈ። ድፍን ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድም ቀን አልገጠመም።

ቤትም ዕረፍት አልነበረም። እህቱ ነገሩን ጥቂት በጥቂት ጎትታ አወጣችው። ስታውቅ አልሳቀችበትም፤ ብትስቅበት ይሻለው ነበር። እንደዚህ ያለ ቀላል ነገር እንዴት እንዲህ አወሳሰብከው፣ ልጅቷ የጠየቀችህ ሩጫ ነው ወይስ ዋንጫ፣ ብላ ሳህን እያጠበች ለረጅም ጊዜ ተናገረች። እሱ በር ዘግቶ ተኛ።

የሚያናድደው ደግሞ አሁንም በችግኙ በኩል ማለፉን አለመተዉ ነው። እግሩ ራሱ ይወስደዋል። ዘበኛው ይህንንም አላለፉትም።

«አሁን ለማን ብለህ ነው የምታቋርጠው?» አሉት አንድ ሐሙስ።

እንጃ አላቸው።

«ልጅቷ እኮ ታነክሳለች። ትናንት ስትወጣ ጉልበቷን ይዛ ነው። ተቀመጪ ብላት እሺ አላለችም፣ ግትር ናት።» ከዚያ ወደ በሩ አመለከቱት። የሆስፒታሉ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ምዝገባ ቅዳሜ ያበቃል ይላል።

ቅዳሜ ኤርፎኑን ቤት ትቶት ወጣ። ጥድ አጥሩ ጋ፣ ቀጭኗ መንገድ የምትጀምርበት አፍ ላይ ቆመ። ከፊት ለፊቱ መጣች፤ ግራ እግሯን እየጎተተች ነው። ስታየው ልትዞረው ወደ ዳር ወጣች። እሱም ወደ ዳር ወጣ። ቆመች። አንዱን ኤርፎን አወለቀች፣ አንዱን ብቻ።

«እሁድ ሥራ የለብኝም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«አልችልም ነበር። መሮጥ። አንቺን የሚያህል መሮጥ አልችልም።»

«በሳምንት ሦስት ቀን ድልድዩ ላይ የማገኘው ማነው ታዲያ?»

በእጁ አሳያት። በአጥሩ መሃል ያለውን ክፍተት አየች። እሱን አየችው። ከዚያ ገባችበት፤ እሱም ተከተላት። በትንንሽ ፕላስቲክ በተደረደሩት ችግኞች መሃል እያነከሰች ሄደች። ትንሽ እንደሄደች ቅርንጫፉን ገፍታ ስትወጣ ድልድዩ ፊቷ ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።

ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልሳቀችም። ድልድዩ ላይ ተቀምጣ የሱሪዋን እግር ወደ ላይ ሰበሰበች። ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ይሄ ያንተ ሥራ ነው» አለችው። «ቀድመኸኝ እዚህ ቆመህ ባየሁህ ቁጥር፣ እየተጠበቅኩ እንዳልሮጥ ብዬ፣ ሰባት ደቂቃውን ስድስት ከሃምሳ አደረስኩት። ሁለት ወር ሙሉ። ከማን ጋር ስሽቀዳደም ኖሯል? ከአትክልት ጋር።»

አጠገቧ ተቀመጠ፤ በጣም አልተጠጋም።

«ቀርፋፋ መሆኔን ካወቅሽ ሌላ ሰው የምትፈልጊ መስሎኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ከኔ ጋር መታየት አፍሮ ነው ብዬ...» አልጨረሰችውም። ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ከአንዱ ጆሮዋ የተንጠለጠለው ኤርፎን ውስጥ ዳኛው ሰሚ ሳይኖራቸው ያወራሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንንም አወለቀችው።

«ደደብ ነህ» አለች፤ በቁጣ አልነበረም።

«ነኝ።»

«ተነስ። ዙረው፣ ሙሉውን። ከጎንህ ነኝ።»

ጉልበትሽስ አላት። አንተ እኮ ስትሮጥ እኔ እራመዳለሁ አለችው፤ ይህ አጥንቱ ድረስ ዘለቀው፣ ግን ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ አቅጣጫ ሄዱ። የሚናገር ሰው ጆሮው ውስጥ አልነበረም፤ የራሱን ማለክለክ ሰማ፣ ከዚያ የሷን፣ የእግሯንም ያልተስተካከለ ምት። ትከሻዋ በክንዱ ልክ መሆኑን እስከዛሬ አላስተዋለም ነበር፤ ሁልጊዜ ሲያያት እያለፈችው ነው።

«ፍጥነትህ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«እውነቱን።»

«ትንሽ ጨምሬበታለሁ።»

«ቀንሰው።»

ቀነሰው። አጥሩን አልፈው፣ ችግኞቹን በውጭ በኩል ዞረው፣ እሱ ሁለት ወር ሙሉ ባልረገጠው የኩሬው ጥግ በኩል መጡ። ዙሩን ድልድዩ ላይ ጨርሰው በሩ ጋ ሲመለሱ ዘበኛው ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋቸው፤ ምንም አላሉም። ዙሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቷል። እሱ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳ ላይ የምዝገባውን ቅጽ ከፈተች።

«የምትጨርሱበት ግምት ይላል፣ በደቂቃ» አለች። «ስንት ልበል?»

«ሰማንያ።»

አውራ ጣቷ ሳይነካ ቆየ።

«ዘጠና» አለ። ፋሻው በሱሪዋ ላይ ጎልቶ ይታያል። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። «አይ፣ መቶ አድርጊው። እግርሽም አለ።»

መቶ ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኩን ሰጠችው፤ «ሁለተኛ ሯጭ» ከሚለው ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ጣቱን በሸሚዙ ጠርጎ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ እያጠፋ፣ ስሙን ጻፈበት።